100 ሜትር ከየት? በአንገረብ ዳገት ላይ የተደረገ የድሮን ቅየሳ

ካርታው ቀዳዳ ነበረው። ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለ ዳገት ነው። በድሮን ተነስቶ በኮምፒውተር ተሰፍቷል። ከታች በኩል ያምራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል፤ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ይቦጫጨቃል። ሥራውን የያዙት አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ሁለት ወጣት ቀያሾች ናቸው። ላፕቶፑን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ እያበላሸብን ነው» አለ ልጁ። በሌላ ፕሮግራምም ሞክረውታል። ውጤቱ ያው ነው።

ቀዳዳዎቹን ሳያቸው ሁሉም የተሰበሰቡት በዳገቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ሶፍትዌር ሲያበላሽ እንዲህ ቦታ አይመርጥም።

«በስንት ሜትር ነው የበረራችሁት?»

«በ100።»

«ከየት 100?»

ተያዩ። «ከመሬት ነዋ» አለች ልጅቷ። የትኛው መሬት? ጉዳዩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ጎንደርን አንገረብና ቀሃ በግራና በቀኝ ይዘዋታል። የአንገረብ ግድብ ለከተማዋ ውኃ ያቀርባል፤ ለዓመታት የሚያስቸግረው ደግሞ ደለል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ያለው ዳገት አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ወጣቶቹ የተቀጠሩት ወደ 60 ሄክታር የሚሆን መሬት ላይ ያለውን ቦረቦር ከክረምት በፊትና በኋላ እንዲለኩ ነው። በሁለቱ ካርታዎች መካከል ያለው ልዩነት የሄደው አፈር ነው። ስለዚህ ካርታው ማማሩ ብቻ አይበቃም፤ ቁመቱ መታመን አለበት።

ጉዳዩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነ ነው፤ አካባቢው ሰላም በነበረበት ጊዜ። ዛሬ በዚህ ክልል ድሮን ማስነሳት ሌላ ነገር ነው። ድምፁን ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው አለ፤ አይፈረድበትም። ያኔም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይበረርም ነበር። ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) አለ፣ ሲቪል አቪዬሽን አለ፣ ከዚያ ወረዳና ቀበሌ አለ። የነዚህ ልጆች መሥሪያ ቤት ወረቀቱን አሟልቶ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቁጥሩ የሚቆጠረው ከመነሻው ነው

ድሮኑ ፋንተም 4 ፕሮ ነው። የተነሳው ከግድቡ አጠገብ፣ መኪናው ከቆመበት መንገድ ዳር ነው። እንዲህ ያለ ድሮን በተለመደው አሠራር ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሳበት ቦታ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የቆመበት መሬት ዜሮ ይሆናል። «100 ሜትር» ማለት ከዚያች ዜሮ 100 ሜትር ማለት ነው። በዳገት ላይ ሲበር መሬቱ ከሥሩ እየተነሳ ይመጣል፤ ድሮኑ ግን ያንን አያውቅም። በስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው 100 ይላል።

ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን የሸፈኑት የታችኛውን ግማሽ ነው። ላይኛው ጠርዙ ጋ መሬቱ ከመነሻው ወደ 60 ሜትር ከፍ ብሏል። ስለዚህ ድሮኑ እዚያ ከመሬት 40 ሜትር ላይ ነበር። አሁን ሒሳቡን እንይ። የዚህ ድሮን ካሜራ ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ደግሞ 8.8 ሚሊሜትር። ለኛ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። አንድ ፎቶ የሚሸፍነው መሬት ወርዱ የከፍታው 1.5 እጥፍ፣ ቁመቱ ከከፍታው ጋር እኩል ነው። በ100 ሜትር 150 በ100 ይሸፍናል። በ40 ሜትር ደግሞ 60 በ40 ብቻ።

የበረራ መስመሮቹ የተራራቁት 45 ሜትር ነው። በ100 ሜትር ከፍታ ይህ 70 በመቶ የጎን መደራረብ ይሰጣል፤ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ፎቶዎች 70 በመቶውን መሬት ይጋራሉ፣ ሶፍትዌሩም የሚሰፋቸው በጋራው ነው፤ ጥሩ ነው። በ40 ሜትር ግን መደራረቡ 25 በመቶ ይሆናል። ዛፍ ሲጨመርበት ይብሳል። ባሕር ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ ጫፉ ከካሜራው በ20 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ርቀት ፎቶው የሚሸፍነው 30 ሜትር ወርድ ነው፤ መስመሩ የሚራራቀው 45። ማለትም የዛፎቹ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ፎቶዎች ጭራሽ አይገናኙም። ሶፍትዌሩ ያልተሰጠውን ከየት ያመጣል? ቀደደው።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሰላና ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ነገ የላይኛውን ግማሽ በዚሁ ልንበር ነበር» አለች።

እውነቷን ነው፤ የሚያስፈራው እሱ ነበር። የላይኛውን ግማሽ ከነፃው የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ ላይ አየነው። ሸንተረሩ ከግድቡ መነሻ ወደ 85 ሜትር ይበልጣል። 100 ሲቀነስ 85፣ 15 ሜትር ይቀራል። ሸንተረሩ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቤተ ክርስቲያን ካለ ዛፍ አለ፤ ጥዱም ወይራውም እዚያ ነው፣ ዳሩን ባሕር ዛፍ ከቦታል። ከ20 ሜትር በላይ የሚሆን ዛፍ ሞልቷል። ድሮኑ በቀጥታ ዛፍ ውስጥ ይገባ ነበር። «ሴንሰሩ ያቆመዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀጭን ቅርንጫፍና ሽቦ ፊት፣ ፀሐይ ሌንሱን እያበራችበት፣ እኔ በሴንሰር አልተማመንም። ሴንሰር ለተሳሳተ እቅድ መድኅን ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ይህም ሆኖ በእቅዱ ላይ በጣም ያስደነገጠኝ የቅየሳው ከፍታ አልነበረም።

የመመለሻው ከፍታ

ድሮን ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲዳከም ራሱ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚመለስ አስቀድመን እንነግረዋለን። የልጆቹ ድሮን ፋብሪካው እንዳስቀመጠው 30 ሜትር ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። አብዛኛው ሰው አይነካውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድሮኑ ከዚያ ቁጥር በታች ከሆነ መጀመሪያ ወደ ቁጥሩ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ባለበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ይመጣል። የቅየሳው መሬት አንዱ ጥግ ሸንተረሩን አልፎ ወደ ማዶ ይወርዳል። ድሮኑ ወደዚያ ሲሻገር ከግድቡ ጋር ሸንተረሩ ይጋርደዋል። ሲግናል ሊቋረጥ የሚችለው እዚያው ነው። ያኔ ድሮኑ በ100 ሜትሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይነሳል። በመንገዱ ላይ ያለው 85 ሜትር ሸንተረርና በላዩ ያለው ዛፍ ነው። ቅየሳውን በደህና የጨረሰ ድሮን ሲመለስ ይሰበራል ማለት ነው። አብራሪው ደግሞ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ግንኙነቱ ተቋርጧልና።

ስለዚህ የኔ ደንብ ቀላል ነው። መጀመሪያ የመመለሻውን ከፍታ እወስናለሁ፤ የቅየሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ የጉዞ ነጥብ ወደ መነሻው ቀጥታ መስመር አሰምራለሁ። በነዚያ መስመሮች ሥር ያለው ከፍተኛው ነገር ምንድን ነው? ዛፍ፣ ምሰሶ፣ አንቴና ተጨምሮበት። ቢያንስ 30 ሜትር እደምርበታለሁ። 30 የበዛ የሚመስለው ሰው ኤስአርቲኤም እንዴት እንደተሠራ ይወቅ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩሯ ኤንዴቨር በ11 ቀን በራዳር ያነሳችው ነው። አንዱ ነጥብ ከሌላው 30 ሜትር ያህል ይርቃል፤ የከፍታ ስህተቱ ሲሠራ እስከ 16 ሜትር ተፈቅዶለታል። በ30 ሜትር ካሬ ውስጥ አንድ ቋጥኝ ቢኖር አያይም። ከዚያ ወዲህ የተተከለውን ባሕር ዛፍም አያውቅም። ለእቅድ ይጠቅማል፤ አምኖ ለመተኛት ግን አይሆንም።

ከአውድማው

በማግስቱ ግድቡን ትተን ወደ ላይ ወጣን። ከሸንተረሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከግድቡ ወደ 60 ሜትር ከፍ ያለ አውድማ አገኘን። ሜዳ ነው፣ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ታችም ላይም ይታያል። የአውድማው ባለቤት አዛውንት ናቸው። «እናንተ ልጆች፣ ይኸ ነገር ከብቶቼን አያስበረግግም?» አሉ። ከብቶቹ ወደ ታች እስኪነዱ ጠበቅን። ግንቦት ስለሆነ አውድማው ባዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ከሥሩ የቀረ የጤፍ ገለባ አለ። ገለባና ብናኝ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ሸራ አነጠፍን።

ከማንኛውም ነገር በፊት የዛፎቹን ቁመት መለካት ነበረብን። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ድሮኑን አውድማው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ካሜራውን ወደ ዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም ልክ ወደ አግድም አስተካክሉት። ዛፎቹን ፊት ለፊት እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የረጅሙ ዛፍ ጫፍ በስክሪኑ መሃል ላይ ሲያርፍ ድሮኑና የዛፉ ጫፍ እኩል ናቸው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ከፍታ አንብቡ። ልጅቷ አነበበች፤ 55። የኤስአርቲኤም ስሌት ሸንተረሩ ከአውድማው 25 ሜትር ይበልጣል ብሎን ነበር። በእግር ሄደን የለካነው ረጅሙ ዛፍ ወደ 25 ሜትር ነው። ድምሩ 50፤ ልዩነቱ 5 ሜትር ያህል። መጥፎ አይደለም፤ ግን የተሳሳተው ወደ አደገኛው በኩል ነው።

55 ሲደመር 30፣ 85። የመመለሻውን 90 አደረግነው።

ከዚያ ቅየሳው። ገበሬው ዳገትን በእርከን እንደሚሸነሽነው እኛም መሬቱን በሦስት ከፈልነው። ከግድቡ ደረጃ ሲቆጠር ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90 ሜትር። በእያንዳንዱ እርከን ውስጥ ድሮኑ ከመሬቱ ከ80 እስከ 110 ሜትር እንዲርቅ ፈለግን። ከአውድማው ሲቆጠር ቁጥሮቹ 50፣ 80 እና 110 ሆኑ። ልጁ 50 ሲያይ ተጠራጠረ። «ዝቅ አላለም?» አላለም። በታችኛው እርከን መሬቱ ራሱ ከአውድማው በታች ነው። በስክሪን ላይ የተለያዩት ሦስት ቁጥሮች ለመሬቱ እኩል ናቸው።

መሬቱን ተከትሎ ራሱ የሚወጣና የሚወርድ አሠራር ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ። እንጠቀም ነበር? በጥሩ የከፍታ ካርታ አዎ። እኛ ያለን ግን ኤስአርቲኤም ብቻ ነው። እርከኑ ደግሞ ወረቀት ላይ ስለሚታይ ሌላ ሰው ሊያርመው ይችላል። በዚህ የማይስማማ ባለሙያ አለ፤ ይሁን።

የመስመሮቹን ርቀት ያሰላነው ለክፉው ቦታ ነው፤ ለ80 ሜትሩ። እዚያ ፎቶው 120 ሜትር ወርድ ይሸፍናል፤ ለ70 በመቶ መደራረብ 36 ሜትር ይመጣል። 110 ሜትር ባለበት መደራረቡ ወደ 78 ከፍ ይላል። 25 ሜትር ዛፍ ጫፍ ላይ እንኳ 56 በመቶ ይተርፋል። በጉዞ አቅጣጫ ፎቶዎቹን በ16 ሜትር አራራቅናቸው፤ ይህም 80 በመቶ ነው። ፍጥነቱን በሴኮንድ 6 ሜትር አደረግን። አንድ ፒክሰል መሬት ላይ የሚሸፍነው ከ2.2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለቦረቦር ከበቂ በላይ ነው። መስመሮቹን ደግሞ ዳገቱን ቁልቁልና ሽቅብ ሳይሆን አግድም አስሄድናቸው። አንዱ መስመር ላይ ከፍታው ብዙ እንዳይለዋወጥ ነው።

የጉዞ ነጥቦቹ (ዌይፖይንቶቹ) ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። የተለያየ ከፍታ ያላቸው ሁለት ነጥቦች ካሉ ድሮኑ በመሃላቸው ሰያፍ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ወጥቶ ቀጥሎ አይጓዝም። ከታችኛው እርከን ወደ ላይኛው ሲሻገር ያ ሰያፍ መስመር የጉብታ ወገብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ተጨማሪ ነጥብ ነው፤ በቆመበት ቦታ ላይ፣ ከፍታው ብቻ የጨመረ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኛ እርከኖቹን በተለያየ ባትሪ ስለበረርን ብዙም አላስፈለገንም፤ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስንሄድ ግን አስገብተናል።

ሽቦም ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሳተላይት ምስል ላይ አይታይም፤ የሚታየው የምሰሶው ጥላ ነው፣ እሱም ከታደላችሁ። ሸለቆ የሚያቋርጥ ሽቦ ደግሞ ከሸለቆው ወለል በጣም ይርቃል። ለኛ 80 ሜትር ስለተረፈን አላሳሰበንም። ለቦረቦሩ ግድግዳ ዝቅ ብለን ስንበር ግን በዚያ በኩል አልተጠጋንም።

ፈቃዱ፣ አየሩና ጭልፊቱ

የፈቃዱ ወረቀት «እስከ 120 ሜትር» ይላል። ከየት? አሁንም ያው ጥያቄ። ከግድቡ ብንነሳ የላይኛው እርከን በስክሪን ላይ 170 ይሆን ነበር፤ ከመሬት ግን 110 ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ስክሪኑን ቢያይ ምን ይላል? አውድማው ይህንንም ፈታልን፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ከመነሻውም ከመሬቱም ሲቆጠሩ ከ120 በታች ሆኑ። አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ አዘዞ ነው፤ እኛ በሌላው ጫፍ ነን። ቢሆንም ሰዓታችንን አሳወቅን።

የደብሩን አገልጋይ መምሬን ማነጋገር ደግሞ ከሁሉም ይቀድም ነበር። «በቤተ ክርስቲያኑ አናት ላይ አይለፍ፤ ሌላውን ሥሩ፤ በቅዳሴ ሰዓት ግን አይሆንም» አሉን። ቅጥሩን ከመስመሩ አወጣነው። የፈለግነው ቦረቦሩን ስለሆነ ምንም አልቀረብንም። በቅጥሩ በኩል የሚያልፉት መስመሮች ተቆርጠው ስለሚዞሩ ግን አዲስ የማዞሪያ ነጥቦች ተፈጠሩ፤ ከፍታቸውን እንደገና አየን።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ግድም ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው የሚከብደው። ክንፉ ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት ይሽከረከራል። ካርቶኑ ላይ 30 ደቂቃ የተጻፈበት ባትሪ እዚህ 30 ደቂቃ አይሠራም። ለእያንዳንዱ እርከን 18 ደቂቃ መደብን፤ አንድ እርከን አንድ ባትሪ። የመመለሻውም ጊዜ ይታሰብ። ይህ ድሮን ሲወርድ በሴኮንድ 3 ሜትር ነው። ከ90 ሜትር ለመውረድ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

ሌላም ምክንያት አለን በየባትሪው እንድናርፍ። ድሮኑ ከፍታውን የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው። በኛ የምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ ከረፋዱ 4 ሰዓት አንስቶ እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ጥቂት ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይወርዳል። በዚህ ከፍታ የአንድ ሄክቶፓስካል ለውጥ ለድሮኑ የ10 ሜትር ያህል የከፍታ ለውጥ ይመስለዋል። በአንድ በረራ ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ባረፍን ቁጥርም ዜሮው እንደገና ይስተካከላል።

የበረራውን ሰዓት ስንመርጥ ሦስት ነገር ተሟገተን። ጥላ እንዳይበዛ ፀሐይዋ ከፍ ትበል ይላል ካሜራው። ነፋሱ ሳይነሳ ይላል አብራሪው። ሦስተኛው ጭልፊት ነው። መሬቱ ሲሞቅ የሚነሳውን አየር ይዞ ይንሳፈፋል፤ ድሮን ሲያይ ደግሞ ይመጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረን 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። በሁለተኛው እርከን አንድ ጭልፊት መጥቶ ሲዞር ልጁ በረራውን አቁሞ ድሮኑን ወደ ላይ አወጣው። ወደ ታች መሸሽ አይጠቅምም፤ ጭልፊት የሚያጠቃው ከላይ ተወርውሮ ነው። ትንሽ ዞረና ሄደ።

ካርታው ያለ ቀዳዳ ወጣ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ትንሽ የደበዘዘ ቦታ አለ፤ ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል ነው፣ ተውነው። ያላረካን የቦረቦሩ ግድግዳ ነው። ከላይ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ ቀጥ ያለ ግድግዳ አያይም። ለእሱ ለብቻው ካሜራውን አዘንብለን፣ በእጅ እየነዳን፣ በቦረቦሩ በሁለቱም ጎን አንሥተን ጨመርንበት።

በኅዳር ልጆቹ ለሁለተኛው ቅየሳ ሄዱ። እኔ አልነበርኩም። አዛውንቱ አውድማውን ለውቂያ በእበት ለቅልቀውት ስለነበር መነሻው ወደ ታች፣ ወደ ማሳው ዳር ተዛወረ። ማታ ልጅቷ ደወለች። «ጋሼ፣ መነሻችን 4 ሜትር ዝቅ ብሏል» አለች። «ዛፉን እንደገና ለካነው፤ 59 መጣ። 54፣ 84፣ 114 አድርገናል፤ መመለሻው 94። ነገ በ3 ሰዓት ልንነሳ ነው።» እሽ፣ ከብቶቹን ግን አስነዱ አልኳት።